መርዶና ፈጣኑ መልእክተኛ

ለሰው የሚነገር ነገር ሁሉ አንድ ዐይነት አይደለም። የገበያ ዋጋ፣ የዝናም መምጣት፣ የሹመትና የሽልማት ወሬ ለማንም ሰው በማናቸውም ሰዓት ቢነገር የሚያመጣው ጉዳት የለም፤ ቶሎ ቢሰማ ይጠቅማል፣ ዘግይቶ ቢሰማም ብዙ አያጐድልም። መርዶ ግን እንዲህ አይደለም። መርዶ የሰሚውን ሕይወት በሁለት የሚከፍል ቃል ነው፤ ከዚያ ቃል በፊት እናት የነበራት ልጅ ከዚያ ቃል በኋላ እናት የላትም። ስለዚህ አባቶቻችን ለዚህ ለአንዱ ቃል የሚናገረውን ሰው፣ የሚነገርበትን ሰዓትና ቦታ፣ አብረው የሚገኙትንም ሰዎች ለይተው ሥርዐት ሠሩለት።

ዛሬ ይህ ሥርዐት በእጃችን በያዝነው ትንሽ መሣሪያ ምክንያት በዐይናችን ፊት እየፈረሰ ነው። ወጣት አንባቢዎች ሆይ፣ ስለ እጅ ስልክና ማኅበራዊ መገናኛ ስለሚባለው ነገር ብዙ ተነግሯችኋል፤ ጊዜ ይሰርቃል፣ እንቅልፍ ያሳጣል፣ ሐሰተኛ ወሬ ያበዛል ተብላችኋል። እኔ ያን ሁሉ መልሼ ልዘረዝር አልተነሣሁም። አንድ ነገር ብቻ ለይቼ ልመረምር እፈልጋለሁ፤ ይኸውም የሞት ወሬ ከሰው ወደ ሰው የሚሄድበት መንገድ ነው። ይህንም የመረጥሁበት ምክንያት አለኝ። የአንድ ሕዝብ የአነጋገር ጨዋነት የሚለካው በሠርግና በድግስ ቀን አይደለም፤ በዚያን ቀን መልካም መናገር ለማንም አይከብድም። የሚለካው ክፉ ነገር መናገር ግድ በሆነበት ቀን ነው።

በመጀመሪያ የቆየውን ሥርዐት እንመልከት፤ ምክንያቱን ሳያውቁ አንድን ልማድ ማፍረስም ሆነ መጠበቅ ሁለቱም የአላዋቂ ሥራ ነውና። በአገራችን መርዶ የሚነገረው ማለዳ ነው። ወሬው በቀን ወይም በማታ ቢደርስም፣ የሰሙት ዘመዶችና ጎረቤቶች በአንድ ቤት ተሰብስበው በሹክሹክታ ይመክራሉ፤ ባለጉዳዩ ግን ያችን ሌሊት እራቱን በልቶ በሰላም እንዲያድር ይተዉታል። ይህ ስለምን ሆነ ቢባል፣ በሌሊት የተነገረ መርዶ ሰውን ከጨለማው ጋር ብቻውን ያስቀረዋል፤ በማለዳ የተነገረው ግን ሙሉ ቀን ከፊቱ አለ። ወዳጅ ይመጣል፣ ጎረቤት ይሰማል፣ ልቅሶውም ከሰው ጋር ይሆናል።

የሚናገረውም ሰው እንዲሁ በዘፈቀደ አይመረጥም። ዕድሜና መከበር ያለው፣ አንደበቱ የታረመ ሽማግሌ ይፈለጋል፤ ባለጉዳዩ ክርስቲያን እንደ ሆነ የንስሐ አባቱ፣ ሙስሊም እንደ ሆነ የሰፈሩ ሼህ ቢገኝ ይመረጣል። የሚረዳው ሰው ደም ብዛት ወይም የልብ ሕመም ያለበት እንደ ሆነ አስቀድሞ ይጠየቃል። እርጉዝ ወይም አራስ እንደ ሆነች ነገሩ ይዘገያል። ጕልበት ያላቸው ሁለት ሰዎች በግራና በቀኝ ይቀመጣሉ፤ ራሱን መሬት ላይ የሚጥል ሰው አለና። ሴቶቹ በጎረቤት ቤት የሚበላና የሚጠጣ ያዘጋጃሉ፤ ኀዘን በገባበት ቤት በዚያ ቀን ምድጃ የሚያስብ የለምና። ሽማግሌውም ሲናገር በሞት አይጀምርም። ከሕመሙ፣ ከፈጣሪ ፈቃድ፣ ሰው ሁሉ መንገደኛ ከመሆኑ ይነሣል። ደግሞም እነዚያ ሰዎች በማለዳ ሰብሰብ ብለው ሲገቡ ያየ ሰው ቃሉ ሳይነገረው ልቡ ያውቃል። መግባታቸው ራሱ የነገሩን ግማሽ ይናገራል፤ ቃሉ የሚመጣው ልብ ጥቂት ከተዘጋጀ በኋላ ነው።

ቋንቋችንም በዚህ ነገር አስተማሪ ነው። አንድ ሰው የዘመዱን ሞት በሥርዐት ሲነገረው «ተረዳ» እንላለን። አንድ ነገር ገብቶት ያወቀውንም ሰው «ተረዳ» እንላለን። ችግር ላይ ሳለ ሌሎች የደገፉትንም «ተረዳ» እንላለን። በአንድ አጠራር ሦስቱ ይገናኛሉ፤ ሰው ሞትን መስማት ያለበት ነገሩ እየገባውና እየተደገፈ ነው ብለን ብንተረጕመው ከአባቶቻችን ሐሳብ አንርቅም። ወሬውን የሰማ ነገር ግን ያልተደገፈ ሰው ሰማ እንጂ ተረዳ አይባልም።

ምናልባት አንድ ወጣት «ድሮም ቢሆን የእድር ጡሩንባ ነፊ በየመንደሩ እየዞረ ሞትን ያውጅ አልነበረምን?» ብሎ ይጠይቀኝ ይሆናል። መልካም ጥያቄ ነው። አዎ፣ ጡሩንባ ነፊው ገና ጎሕ ሲቀድ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት እየጮኸ ይናገራል። ነገር ግን ጡሩንባው የሚነፋው የሟቹ ቤት ካወቀ በኋላ ነው። እድሩን የሚጠራው ራሱ ባለኀዘኑ ቤተሰብ ነው፤ ጩኸቱም ለቤተሰቡ ሞትን ለመንገር ሳይሆን ሕዝቡ ድንኳን እንዲተክል፣ መቃብር እንዲቈፍር፣ እንዲያለቅስና እንዲቀብር ነው። በመጀመሪያ የልብ ሰው፣ ቀጥሎ የቅርብ ዘመድ፣ ቀጥሎ ጎረቤት፣ በመጨረሻ አደባባይ፤ ቅደም ተከተሉ ይህ ነበር። ዛሬ የተገለበጠው ይህ ቅደም ተከተል ነው።

የዚህ መገልበጥ ምን ያህል ክፉ እንደ ሆነ ከመጽሐፍ ቅዱስ ሁለት ታሪክ እናስታውስ። በአንደኛ ሳሙኤል በአራተኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፣ እስራኤል በፍልስጥኤማውያን ድል በተነሣ ጊዜ አንድ ሰው ከጦር ሜዳ ሮጦ ወደ ሴሎ ገባ። ወሬውን በመጀመሪያ ለከተማው ሕዝብ ተናገረ፤ ከተማውም ሁሉ ጮኸ። የዘጠና ስምንት ዓመት ሽማግሌ የነበረው ካህኑ ዔሊ ጩኸቱን ሰምቶ ምን እንደ ሆነ ጠየቀ። መልእክተኛውም መጣና የሠራዊቱን መሸሽ፣ የሁለቱን ልጆቹን ሞት፣ የታቦቱንም መማረክ በአንድ ትንፋሽ አወረደበት። ዔሊ ከወንበሩ ወደ ኋላ ወድቆ አንገቱ ተሰብሮ ሞተ። እርጉዝ የነበረች ምራቱም በሰማች ጊዜ ምጥ ያዛት፤ ወልዳም ሞተች። ሰውዬው የተናገረው ውሸት አልነበረም። ጥፋቱ ለአደባባዩ ቀድሞ መናገሩ፣ ያንንም ሁሉ ያለ ድጋፍ በአንድ ሽማግሌ ላይ መጣሉ ነበር።

ሁለተኛው ታሪክ በሁለተኛ ሳሙኤል በዐሥራ ስምንተኛው ምዕራፍ የሚገኘው ነው። አቤሴሎም በጦርነት ሞተ፤ ይህን ለአባቱ ለዳዊት መንገር ግድ ሆነ። የሳዶቅ ልጅ አኪማአስ ልሩጥ ብሎ ለመነ። ኢዮአብ ግን የንጉሡ ልጅ ሞቷልና ዛሬ አንተ ወሬ ነጋሪ አትሆንም ብሎ ከለከለውና ሌላ ሰው፣ አንድ ኩሻዊ፣ ላከ። አኪማአስ ግን አላስችል አለው፤ አጥብቆ ለምኖ ሮጠ፣ ኩሻዊውንም ቀድሞ ደረሰ። ከደረሰ በኋላ ንጉሡ ስለ ልጁ ደኅንነት ሲጠይቀው መልስ አጣ፤ ትልቅ ሽብር አይቻለሁ፣ ምን እንደ ሆነ ግን አላወቅሁም አለ። ንጉሡም ወደ ዳር ቁም አለው። ቀጥሎ የደረሰው ኩሻዊ ሞተ የሚለውን ቃል እንኳ ሳይጠራ፣ የንጉሡ ጠላቶች ሁሉ እንደዚያ ልጅ ይሁኑ በማለት ነገሩን አስታወቀ። እንግዲህ ከሁለቱ ማንኛው መልእክተኛ ነበረ? ቀድሞ የደረሰው ባዶ እጁን ደረሰ፤ ሸክሙን ያደረሰው የተከተለው ነው። የዛሬው ዘመን ከኩሻዊው ይልቅ አኪማአስን ያበዛል።

ሥልጣኔ ይህን ሁሉ ያበላሸው ገና ከጥንት ጀምሮ ነው የሚል ሰው ቢኖር ተሳስቷል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የፖስታን ሥራ በ1886 ዓ.ም. አቋቋሙ፤ ስልክም በዘመናቸው ገባ። ከዚያ በኋላ የሞት ወሬ በደብዳቤም በስልክም ተጉዟል። ነገር ግን አስተዋይ ሰው ደብዳቤውን የሚጽፈው ለባለጉዳዩ ሳይሆን ለወዳጁ ወይም ለአለቃው ነበር፤ «ለእገሌ በሚስማማ መንገድ ንገሩልኝ» ብሎ ይለምናል። ስልክም በመጣ ጊዜ የሚደወለው ለጎረቤት ወይም ለሥራ ባልደረባ ነበር። ሩቁን መንገድ መሣሪያው ይሄዳል፤ የመጨረሻዋን ሃያ እርምጃ፣ ከደጅ እስከ ባለጉዳዩ መቀመጫ ያለችውን፣ ሰው በእግሩ ይሄዳል። አሜሪካና አውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችን እስከ ዛሬ ይህን የሚያደርጉ አሉ፤ ወሬው ከአገር ቤት ሲደርሳቸው ተጠራርተው በማለዳ የባለጉዳዩን በር ያንኳኳሉ። ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤላውያንም መርዶን በሽማግሌ የመንገርን ልማድ ይዘው ሄደዋል። እንግዲህ መሣሪያ ከሥርዐት ጋር አብሮ መኖር ይችላል።

ታዲያ አዲሱ ነገር ምንድን ነው? የእጅ ስልክ በአገራችን ሥራ የጀመረው በ1991 ዓ.ም. ነው። ፌስቡክ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2004፣ ቴሌግራም በ2013 ተፈጠሩ። እነዚህ ካለፉት መሣሪያዎች የሚለዩት በፍጥነት ብቻ አይደለም፤ ስልክም ፈጣን ነበር። የሚለዩት በመካከል የሚቆመውን ሰው በማስወገዳቸው ነው። በስልክ የሚናገር ሰው ለማን እንደሚናገር ያውቃል፤ ድምፁን ሰምቶ ብቻዋን ናት ወይስ ከሰው ጋር ብሎ ይጠይቃል። በፌስቡክ የሚለጥፍ ሰው ግን ለሁሉም ይናገራል፣ ማን እንደሚሰማው ግን አያውቅም። የሟቹን ስም ከጽሑፉ ጋር ያያይዘው እንደ ሆነ ወሬው በቀጥታ ወደ ሟቹ ወዳጆችና ዘመዶች ገጽ ይሄዳል። መሣሪያውም ብዙ ሰው ምላሽ የሰጠበትን ነገር ለሌሎች አስቀድሞ እንዲያሳይ ሆኖ ተሠርቷል፤ ሞት ደግሞ ከሁሉ በላይ ምላሽ ያሰጣል። ስለዚህ ያ ጽሑፍ ከሽማግሌዎቹ እግር ይፈጥናል። ክፉ ያሰበ ሰው ሳይኖር ክፉ ሥራ ይሠራል።

እስቲ አንድ ሁኔታ እናስብ። በሪያድ ከተማ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ አንዲት ልጅ አለች እንበል። አባቷ ወሎ ውስጥ አረፈ። ወንድሟ ነገሩን ለአንዲት በዚያው ከተማ ላለች ዘመድ ነግሮ፣ ልጅቱ ዓርብ ዕረፍት ስታገኝ እንዲረዷት መከረ። በዚያው ምሽት አንድ የሰፈር ልጅ የአባቷን ፎቶግራፍ ከሻማ ሥዕል ጋር ለጠፈ። ልጅቱ ከሥራ በኋላ ሌሊት በስድስት ሰዓት ስልኳን ስትከፍት በመጀመሪያ ያየችው የአባቷን ፊት ነው። ጮኻ እንዳታለቅስ የአሠሪዎቿ ልጆች ተኝተዋል። ወጥታ እንዳትሄድ በሩ ተቈልፏል። የሚይዛት እጅ የለም፤ ያለው ከፎቶግራፉ በታች የተደረደረ የማታውቃቸው ሰዎች «ነፍስ ይማር» ብቻ ነው። ይህን የለጠፈው ልጅ ሰውየውን ስለሚወድ ነበር የለጠፈው። ፍቅሩ እውነተኛ ነው፤ ሥራው ግን የጨካኝ ሥራ ሆነ።

ይህ የሐሳብ ምሳሌ ብቻ አይደለም። በሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ራሱን እስላማዊ መንግሥት ብሎ የሚጠራው ቡድን በሊቢያ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን ሲገድል የሚያሳይ ተንቀሳቃሽ ሥዕል በኢንተርኔት አወጣ። በአዲስ አበባ ከቂርቆስ ሰፈር ወደ አውሮፓ ለመሻገር የወጡ ወጣቶች በዚያ መካከል ነበሩ፤ ቤተሰብ የልጁን ፊት በዚያ ሥዕል ላይ አየ። ገዳዮቹ መሣሪያውን የመረጡት ለዚሁ ነው። ነገር ግን ሥዕሉን ከስልክ ወደ ስልክ ያዛወሩት ገዳዮቹ አልነበሩም፤ «እዩ ጉድ» እያልን እኛው ነን። እንደዚሁም በመጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ወደ ናይሮቢ ይበር የነበረው የኢትዮጵያ አውሮፕላን ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ባለቁ ጊዜ፣ ብዙ ሰው አደጋውን የሰማው ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት በትዊተር በወጣ አጭር የኀዘን መግለጫ ነበር። ዘመዱ በዚያ አውሮፕላን የተሳፈረበት ሰው ያን አንብቦ ከሆነ፣ ማጽናኛው ከመርዶው ቀድሞ ደረሰው ማለት ነው።

አሁን ወደ ቃሉ እንመለስ፤ የሚለጠፈው ጽሑፍ ራሱ ሊመረመር ይገባዋልና። በእነዚህ ገጾች ላይ የሚወጡትን የኀዘን ጽሑፎች ልብ ብሎ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፤ የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ሟቹ ሳይሆን ጸሓፊው ነው። «ማመን አቃተኝ»፣ «ልቤ ተሰበረ»፣ «ትናንት አብረን ነበርን» ይላል። ፎቶግራፉም ብዙ ጊዜ ጸሓፊው ከሟቹ ጋር ሆኖ የተነሣው ነው፤ አልፎ አልፎም ጸሓፊው መካከል ላይ፣ ሟቹ ዳር ላይ ነው። ሟቹ የማን አባት እንደ ነበረ፣ ምን ሠርቶ እንዳለፈ፣ ልቅሶው የት እንደ ሆነ አይነገርም። ሽማግሌው ግን መርዶ ሲናገር ስለ ራሱ ስሜት አንድ ቃል አያወጣም፤ ዐይኑ በሚረዳው ሰው ላይ ነው። በሁለቱ አነጋገር መካከል ያለው ልዩነት የመሣሪያ ልዩነት ብቻ አይደለም፤ የልብ አቅጣጫ ልዩነት ነው።

ማጽናናቱም እንዲሁ ቀሏል። የኢዮብ ሦስት ወዳጆች በኋላ ብዙ ያልተገባ ነገር ቢናገሩም፣ በመጀመሪያ ያደረጉት መልካም ነበር፤ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ተቀምጠው አንድ ቃል አልተናገሩም። የእኛም የልቅሶ ድንኳን ትርጕሙ ይህ ነው። ሰው ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ብዙ አይናገርም፤ ሲነሣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ይሄዳል። መምጣቱ ንግግር ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው መባሉም ለዚህ ነው። ዛሬ ግን በአንዲት ጣት የሚያለቅስ የፊት ሥዕል የላከ ሰው ልቅሶ የደረሰ ይመስለዋል። ባለኀዘኑም አምስት መቶ ሥዕል ተቀብሎ በቤቱ አምስት ሰው ያጣል። ከዚህ የባሰው ደግሞ በመቃብር ዳር ቆሞ ስልኩን ከሰው ራስ በላይ ከፍ አድርጎ የባልቴቷን ጩኸት በቲክቶክ የሚያሳየው ነው። ያች ሴት ነጠላዋ ወድቆ፣ ፀጕሯ ተበትኖ ያለቀሰችው በዘመዶቿ ፊት መስሏት ነው እንጂ በማታውቀው ዓለም ፊት ልትታይ ፈቅዳ አይደለም።

ይህን ስል የኋላ ቀር ልማድ ጠበቃ ነው የሚለኝ ይኖር ይሆናል። ስለዚህ ከእኛ ይልቅ በመሣሪያ የበለጸገችው አሜሪካ ምን እንዳደረገች ላስታውስ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 በቬትናም አገር በኢያ ድራንግ ሸለቆ ብዙ የአሜሪካ ወታደሮች ሞቱ። የሞታቸው ወሬ ለሚስቶቻቸው የደረሰው በቴሌግራም ወረቀት ነበር፤ በጆርጂያ ክፍለ ግዛት በኮሎምበስ ከተማ ወረቀቱን በየቤቱ ያደርሱ የነበሩት የታክሲ ነጂዎች ነበሩ። የአንዱ ሻለቃ ጦር አዛዥ የነበረው የሃል ሙር ባለቤት ጁሊያ ሙር ይህን ባየች ጊዜ አላስቻላትም፤ ራሷ ወደየሟቹ ቤት እየሄደች ሴቶቹን ታጽናና ነበር፤ አሠራሩም እንዲለወጥ ተከራከረች። ከዚያም ሠራዊቱ አንድ መኰንን ከአንድ ቄስ ጋር እስከ ቤተሰቡ በር ድረስ በአካል እንዲሄድ ሥርዐት አደረገ። ዛሬም በዚያ አገር ቤተሰቡ ከተነገረው በኋላ 24 ሰዓት ሳያልፍ የሞተው ወታደር ስም ለሕዝብ አይገለጽም። እነሆ፣ ፈጣኑን ቴሌግራም የፈለሰፉ ሰዎች ወደ ሁለት እግር ተመለሱ። ይህ ከእኛ ሽማግሌዎች አሠራር በምን ይለያል?

ነገር ግን ፍርድ እንዳናጓድል በሌላው ወገን ያለውንም መመርመር ይገባናል። የቆየውም ሥርዐት ነውር አለበት። ሥርዐቱ ለማዘጋጀት የሰጠው ጥቂት ሰዓት በአንዳንድ ቤት ወራትና ዓመታት ሆኖ ተገኝቷል። በባዕድ አገር ያለች ልጅ እናቷ ከሞተች በኋላ «ደኅና ናት፣ ጠበል ሄዳ ነው» እየተባለች ስንት ጊዜ ገንዘብና ልብስ ልካለች! «እንዳትደነግጥ ብለን ነው» ይላሉ። ነገር ግን ሰው የእናቱን መቃብር አፈር እንዳይበትን መከልከል ማዘን አይደለም፤ የማይመለስ ነገር መንጠቅ ነው። እንዲህ ያለውን መደበቅ አዲሱ መሣሪያ ቢያፈርሰው እኔ አላለቅስም።

መሣሪያውም ትልቅ በጎ ሥራ አለው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ በተከለከለበት ወራት፣ ብዙ ቤተሰብ ልቅሶ የተደራረሰው በስልክ ነበር። በባዕድ አገር የሞተን ወገን ሬሳ ወደ አገሩ ለመመለስ በማኅበራዊ መገናኛ የሚዋጣው ገንዘብ የስንቱን እናት እንባ አብሷል! ዝምታም ከክፉ ወሬ የከፋ ሊሆን ይችላል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ከተጀመረ በኋላ በዚያ ክፍል ስልክና ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ከተደረገ በኋላ መስመሩ በየቦታው ሲከፈት፣ ብዙ ሰው ወላጁ በሕይወት እንዳለ ሊጠይቅ ደውሎ ሰላምታና መርዶ በአንድ ጥሪ ሰማ። ያን ዘመን ያሳለፈ ሰው ስልክ ባልተፈጠረ ኖሮ ብሎ አይመኝም።

እንግዲህ ጥፋቱ በመሣሪያው ውስጥ ካልሆነ፣ በጎነቱም በልማዱ ውስጥ ብቻ ካልሆነ፣ ምን ይደረግ? እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱ ወገኖች በየበኩላቸው አንድ ነገር መተው አለባቸው። ሽማግሌዎች ዝግታቸውን መቀነስ አለባቸው። ወሬ በአንድ ደቂቃ ባሕር በሚሻገርበት ዘመን «ቅዳሜ ይነገረዋል» ማለት በፌስቡክ ይስማ ብሎ መፍረድ ነው። በዚያው ዕለት፣ ቢቻል በዚያው ሰዓት፣ በአቅራቢያው ያለ ሰው ይፈለግ፤ ማለዳው የማይጠበቅ ከሆነ ማለዳው ይቅር፣ ሰውየው ግን አይቅር። ከሰዓቱ ይልቅ አብሮ የሚሆነው ሰው ይበልጣልና። ወጣቶች ደግሞ ቸኮላቸውን መተው አለባቸው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ የፈሰሰ እህል ቢለቀም ይለቀማል፣ የተለጠፈ መርዶ ግን አይለቀምም። ቢሰርዙትም ያየችው ልጅ አይታዋለች። ከአፍ የወጣ አፋፍ መባሉ በዚህ ዘመን ከጣትም ለወጣው ይሆናል።

ስለዚህ ወጣት አንባቢዎች ሆይ፣ በዚህ ነገር አራት ምክር ልስጣችሁ።

አንደኛ፣ የሞት ወሬ በሰማችሁ ጊዜ የመጀመሪያው ሥራችሁ መጻፍ ሳይሆን መጠየቅ ይሁን። የሟቹ ልጆች፣ እናቱ፣ ባለቤቱ ተረድተዋል ወይ? መልሱን እስክታገኙ ድረስ ዝም በሉ። ዝምታችሁ ሟቹን አይጐዳውም።

ሁለተኛ፣ ለአንድ ሰው መርዶ መንገር ግድ ሆኖባችሁ በመካከላችሁ ርቀት ቢኖር፣ ለእርሱ ሳይሆን በአጠገቡ ላለ ሰው ደውሉ። ማንም የሌለው ሆኖ በቀጥታ መንገር ግድ ቢሆን በጽሑፍ አትንገሩ፤ በድምፅ ንገሩ፤ ብቻውን መሆኑን፣ መቀመጡንና በር መክፈት መቻሉን ጠይቁ። ከነገራችሁም በኋላ ስልኩን አትዝጉ። ዝም ብሎ ቢያለቅስ እናንተም ዝም ብላችሁ ስሙት፤ በዚያች ሰዓት በግራና በቀኝ የሚቀመጡትን ሁለት ሰዎች የምትተኩ እናንተ ናችሁ።

ሦስተኛ፣ ቤተሰቡ ካወቀ በኋላ ብትጽፉ ስለ ሟቹ ጻፉ። በጎ ሥራውን፣ ለእናንተ ያደረገውን፣ ልቅሶው ያለበትን ቦታ ጻፉ። «እኔ» የምትለውን ቃል ቍጠሯት፤ ከሟቹ ስም ከበለጠች ጽሑፉን አስተካክሉ።

አራተኛ፣ እግራችሁ መድረስ የሚችልበት ቦታ ጣታችሁን አትላኩ። ባለኀዘኑ በከተማችሁ ካለ ሄዳችሁ ተቀመጡ። የምትናገሩት ቢጠፋችሁ አትፈሩ፤ በዚያ ድንኳን ውስጥ ያሉት ሽማግሌዎችም ብዙ የሚናገሩት የላቸውም። የሚያደርጉት ነገር መጥቶ መቀመጥ ነው፤ ይህም ይበቃል።

እነዚህን ምክሮች መጠበቅ የሚያስወጣው ገንዘብ የለም፤ የሚያስወጣው የጥቂት ሰዓት ትዕግሥት ነው። ወሬውን ከሌሎች ቀድሞ የተናገረውን ሰው ማንም በሳምንቱ አያስታውሰውም። በማለዳ በር አንኳኵቶ ገብቶ እጃቸውን የያዘውን ሰው ግን ባለኀዘኖች እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ስሙን ይጠራሉ፤ ልጆቻቸውም ያውቁታል። እያንዳንዳችን አንድ ቀን እንዲህ ያለው ቃል ይነገረናል፤ አንድ ቀንም ስለ እኛ ይነገራል። ያን ቀን በልጆቻችን በር ላይ የሚቆሙ ሰዎች እንዲኖሩ ዛሬ እኛ በሌላው በር ላይ መቆምን እንማር።